ከማባዛታችሁ በፊት ተቀናሹን አንብቡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጀርመን የሥራ ገበያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያገኘሁት ከአንድ ወጣት ኪስ ውስጥ ነው። እሑድ ጠዋት ከደጄ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ የሰፈራችን ልጅ ገጹን በአራት አጣጥፎ ይዞት መጣ። ልጁ እዚሁ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ይሠራል፤ እጁ ፈጣን ነው ይሉታል። «ጋሼ፣ እርስዎ የደመወዝ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይህችን ይዩልኝ» አለና ዘረጋልኝ። በገጹ ዳር 13.90ን በ8፣ የመጣውን ደግሞ በ26 አባዝቶ 2,891 ዩሮ ከ20 ሳንቲም አግኝቷል። እሱን በባንክ ምንዛሪ ወደ ብር ለውጦ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። መስመሩን ሲያሰምር ወረቀቱ ተቀዷል።

ማባዛቱ ልክ ነው። ከ1978 እስከ 2011 ዓ.ም. በአንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ደመወዝ ስሠራ የኖርኩ ጡረተኛ ስለሆንኩ ቁጥር ደግሜ ሳላይ አላልፍም፤ ደግሜ አየሁት፣ ልክ ነው። ችግሩ ከማባዛቱ በፊት ያለው ነው፤ እሱንም ልጁ ያመጣው ከራሱ ጭንቅላት ሳይሆን ከጋዜጣችሁ ነው። «በሰዓት 13.90 ዩሮ ዝቅተኛ ደመወዝ» ብላችሁ ጽፋችሁ በቅንፍ ወደ ብር መለሳችሁትና ወደሚቀጥለው አንቀጽ ሄዳችሁ።

እስቲ ከቀላሉ ልጀምር። 26 ቀን የእኛ አገር ወር ነው፤ ቅዳሜም የሚሠራበት። እዚያ ሙሉ ሰዓት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ 40 ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ወሩ በአማካይ 173 ሰዓት ይወጣዋል። 13.90 በ173 ሲባዛ 2,400 ዩሮ ከምናምን ይሆናል። ልጁ ገና ሳይሄድ ወደ 500 ዩሮ ጎደለበት ማለት ነው። ይህም ያልተጣራው ነው። ደመወዝ ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ስለ ያልተጣራው ሊያለቅስ ወደ መስኮቴ የመጣ ሠራተኛ አላየሁም፤ ሁሉም የሚመጣው በተጣራው ነው።

የተጣራውን የማውቀው ከወሬ አይደለም። የእህቴ ልጅ ላይፕሲክ በምትባል የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ትኖራለች። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው ያደገችው። በነርስነት በዲግሪ ተመርቃ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ሠርታ ነው ትዳር ይዛ የሄደችው። ባለፈው ጥቅምት የወር ደመወዝ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ይህን ከእርስዎ ሌላ ማን ያስረዳኛል» ትላለች። እኔ ጀርመንኛ አላውቅም፤ ግን የደመወዝ ወረቀት የትም አገር የደመወዝ ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምኩት። ቁጥር ስልክ ላይ አይነበብም፤ በጣት ካልነኩት አይታመንም። እሷ ቃላቱን በስልክ ስትተረጉምልኝ፣ እኔ በእርሳስ እያሰመርኩ ሁለት ምሽት ፈጀን።

መጀመሪያ የያዘኝ የሰዓት ክፍያዋ ነው፤ 16.10 ዩሮ። «ከዝቅተኛው በላይ ነሽ እኮ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት። ሳቀች። በጀርመን የአረጋውያንና የሕሙማን እንክብካቤ ሥራ ከአጠቃላዩ ለብቻው የወጣ የራሱ የደመወዝ ወለል አለው፤ ወለሉም ሦስት እርከን ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ (የጀርመኑን ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሙያዊ ሥልጠና ለሌለው ረዳት 16.10፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት ሥልጠና ላለው ረዳት 17.35፣ ለተመሰከረለት ነርስ 20.50 ዩሮ ነው። የእኛ ባለ ዲግሪ፣ ስድስት ዓመት የሠራችው፣ በመጀመሪያው እርከን ላይ ናት። የእኛን አገር ዲግሪ የዚያ አገር ባለሥልጣን መርምሮ «ከእኛው ጋር እኩል ነው» እስኪል ድረስ እሷ ለሕጉ ሙያ የሌላት ሰው ናት። በሰዓት የ4 ዩሮ ከ40 ሳንቲም ልዩነት ነው። በምትሠራው ሰዓት ስናባዛው በወር ወደ 570 ዩሮ ይመጣል። ይኸው፣ እኔም አባዛሁ!

ቁጥሩን ትቼ የነገረችኝን ልንገራችሁ። በምትሠራበት መጦሪያ ስኳር ያለባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ማለዳ ማለዳ ኢንሱሊናቸውን መወጋት አለባቸው። እሷ ደሴ ሳለች ለተለማማጅ ተማሪዎች መርፌ አያያዝ ታሳይ የነበረች ናት። እዚያ ግን ሽማግሌውን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ቁርሳቸውን ታቀርባለች፤ መርፌውን ግን አትነካም። ደወል ደውላ የተመሰከረላትን ነርስ ትጠራለች። የምትመጣው ልጅ ዕድሜዋ 23 ነው። አንድ ቀን ልጅቷ በሌላ ክፍል ሥራ ተይዛ ስትዘገይ፣ ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ገልጠው ሆዳቸውን እያሳዩ «አንቺ አትችይም እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «እችላለሁ፣ ግን አልችልም» አልኳቸው አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም፤ እኔ ነኝ የተለወጥኩት።

ለዕውቅናው የሚጠየቀው ብዙ ነው። ቢ2 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ አለ፤ በሁለተኛው ሙከራ አልፋዋለች። ከዚያ የተማረችው ትምህርት ከእነሱ ጋር ተነጻጽሮ ጎደለ በተባለው ላይ ማሟያ ሥልጠና ወይም የዕውቀት ፈተና ይመጣል። ለማነጻጸሩ ደግሞ በየትምህርት ዓይነቱ ስንት ሰዓት በክፍል፣ ስንት ሰዓት በተግባር እንደተማረች የሚያሳይ ዝርዝር ያስፈልጋል። ይህን ዝርዝር ከተማረችበት ኮሌጅ ለማውጣት እናቷና እኔ ሰባት ወር ተመላልሰናል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ፣ ጭጋጉ ከመኪናው መስታወት እየተለጠፈ፣ ደሴ ስደርስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ። አንድ ጊዜ ዝርዝሩ ተሠርቶ ተሰጠን፤ የተግባር ሰዓቱ ተረስቷል። እንግዲህ የጀርመን እርከን ብቻ አይደለም የያዛት፤ የእኛም ማኅተም አለበት። ለዚህ ጀርመኖችን አልከስም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በሳምንት 30 ሰዓት ትሠራለች፤ ያልተጣራው 2,100 ዩሮ ነው። ሙሉ ሰዓት ለምን እንዳልሠራች ስጠይቃት «ልጁስ?» አለችኝ። የጠዋቱ ፈረቃ የሚገባው መዋዕለ ሕፃናቱ ሳይከፈት ነው። በጀርመን ከ2013 ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የመዋያ ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው፤ ሕጉ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በር አይከፍትም። ይህ የእሷ ብቻ ታሪክ አይደለም። በዚያ አገር ከሚሠሩት ሴቶች ግማሽ ያህሉ በከፊል ሰዓት ነው የሚሠሩት፤ ከወንዶቹ ከስምንቱ አንዱ ያህል ብቻ። በ2024 የሴቶች አማካይ የሰዓት ክፍያ ከወንዶቹ በ16 በመቶ ያነሰ ነበር። ተመሳሳይ ሥራ፣ ተመሳሳይ ትምህርትና የሥራ ልምድ ያላቸው ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። አንዳንዱ ሰው ይህን 6 ይዞ «ታዲያ ምንም የለም» ይላል። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው፤ የቀረው 10 በመቶ ሴቲቱን ወደ ረዳትነትና ወደ 30 ሰዓት የላካት በር ነው።

አሁን ወደ ተቀናሹ። ጡረታ 9.3 በመቶ ከሠራተኛው፣ ያንኑ ያህል ከአሠሪው። የእኛ በግል ድርጅት 7 ከሠራተኛው፣ 11 ከአሠሪው ነው፤ በዚህ እንኳ የእኛው ሕግ ለሠራተኛው ያደላል ብል ቅር አይበላችሁ። የጤና መድን፣ የሥራ አጥነት መድን 1.3፣ ከዚያ በእርጅና ዘመን ለሚያስፈልግ እንክብካቤ የሚቆረጥ መድን። በዚህ በመጨረሻው ላይ እርሳሴ ቆመ። ከሌላው የጀርመን ክፍል ሠራተኛ የሚቆረጠው 1.8 ሆኖ ሳለ ከእሷ 2.3 ተቆርጧል። ስህተት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደመወዝ ሠሪ ስህተት ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው ደመወዝ ሠሪ ብቻ ነው። ስህተት አይደለም። ይህ መድን በ1995 ሲጀመር የአሠሪውን ወጪ ለማካካስ ክፍለ ሀገሮቹ አንድ የሕዝብ በዓል እንዲሰርዙ ተደረገ። የተሰረዘው በኖቬምበር የሚውለው የንስሐና የጸሎት ቀን ነው። ላይፕሲክ ያለችበት ሳክሶኒ ብቻ «በዓላችንን አንሰጥም» አለች። ስለዚህ የሳክሶኒ ሠራተኛ የበዓሉን ዋጋ በየወሩ ከደመወዙ ይከፍላል፤ በእህቴ ልጅ ሂሳብ 10 ዩሮ ከ50። እኛ ወሎዬዎች የመስጊዱንም የቤተ ክርስቲያኑንም በዓል አብረን ስናከብር እንዲህ ያለ ተቀናሽ ቢመጣብን ምን ይተርፈን ነበር!

ዋናው ግን የግብሩ መስመር ነው። ከ2,100 ዩሮ ላይ ከ300 ዩሮ በላይ ግብር ሄዷል። ለዚያ ገቢ በዛብኝ። ፈልጌ ፈልጌ ወረቀቱ ላይኛው ጥግ ላይ «የግብር ምድብ 5» የሚል አገኘሁ። የባሏን ስጠይቅ ምድብ 3። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በጀርመን የባልና የሚስት ገቢ ለግብር አንድ ላይ ይታያል፤ ከ1958 ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። ባለትዳሮች 3 እና 5 የሚለውን ከመረጡ ለሁለቱም የሚገባው ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ በወርኃዊው ሂሳብ ከምድብ 3 ሰው ላይ ይሰፍራል፤ ምድብ 5 ላይ ያለው ከመጀመሪያዋ ዩሮ ጀምሮ ያህል ይቆረጥበታል። ብዙውን ጊዜ 3 ባል ነው፤ 5 ሚስት። ዓመቱ ሲያልቅ በግብር ማስታወቂያ ሂሳቡ ይስተካከላል፤ የቤቱ ጠቅላላ ግብር አይለወጥም። ታዲያ ምን ጎዳት? ሥራ ብታጣ የሚከፈላት ድጎማ የሚሰላው ከተጣራው ነው፤ ልጅ ላለው 67 በመቶ። ሌላ ልጅ ብትወልድ የሚከፈላት የወላጅነት ገንዘብም ከተጣራው። የተጣራው ዛሬ ወደ 1,300 ዩሮ ወረደ ማለት የነገው ድጎማ ተሸርፎ ተቀመጠ ማለት ነው። ሁለቱም ምድብ 4 ቢሆኑ ግብሯ ከግማሽ በታች ይሆን ነበር።

ይህን ነገርኳት። ለባሏ ነገረችው። ባሏ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ፎርክሊፍት የሚባለውን ዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳ፣ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን «በየወሩ እቤት የሚገባው ይቀንሳል» አለ። እውነቱን ነው፤ የእሱ ይቀንሳል። እህቴ በበኩሏ ከደሴ ደውላ «አንተ ከሰው ትዳር መሐል ምን ጥልቅ አደረገህ?» ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ከትዳራቸው መሐል አልገባሁም፤ የገባሁት ከደመወዝ ወረቀታቸው ነው፣ ልዩነት ያለው ይመስለኛል። እስከ ዛሬ 3 እና 5 ናቸው።

ጋዜጣችሁ በአንድ መስመር ያለፋቸው ሌሎችም አሉ። «ሚኒ ጆብ» የሚባለውን «ተጨማሪ የገቢ ምንጭ» ብላችሁታል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር እስከ 603 ዩሮ የሚያስገኝ ሥራ ነው፤ በዝቅተኛው ደመወዝ ሲሰላ በሳምንት 10 ሰዓት ያህል። ሠራተኛው የሥራ አጥነት መድን አይከፍልም፤ ስለማይከፍል ሥራው ሲቋረጥ ምንም የለውም። ለተማሪ ወይም ሙሉ ሥራ ላለው ሰው ተጨማሪ ነው፤ እሱ እውነት ነው። ሌላ ሥራ ለሌላት የቢሮ ጽዳት ሴት ግን ያ ነው ያላት። ወደ 7 ሚሊዮን ሰው በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ አለ። የሥራ ብዛት ሲቆጠር እሷም አንድ፣ የመኪና ፋብሪካው መሐንዲስም አንድ ተብለው ነው የሚቆጠሩት።

ይህ እንዴት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ፦ በ2005 መጀመሪያ በጀርመን ሥራ አጡ ከ5 ሚሊዮን በላይ ነበር። የያኔው መራሔ መንግሥት ጌርሃርድ ሽሮደር የሥራ ገበያውን ሕግ አሻሽሉ ብለው ቀደም ሲል በ2002 የሾሙትን ኮሚሽን የመሩት የመኪና አምራቹ የፎልክስቫገን የሰው ኃይል ኃላፊ ፒተር ሃርትዝ ናቸው። በስማቸው «ሃርትዝ» ተብለው የተጠሩት አራት ሕጎች ሚኒ ጆብን አሰፉ፣ በኤጀንሲ መቀጠርን ቀላል አደረጉ፣ ለረጅም ጊዜ ሥራ ያጣውን ድጎማ አጠበቁ። ከሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ወጥቶ ሕግ በስሙ የተጠራለት ሌላ ሰው አላውቅም፤ እኛ በስማችን የሚጠራልን ሐሜት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2019 ድረስ ሥራ አጡ ከግማሽ በታች ወረደ። ምን ያህሉ በሕጎቹ፣ ምን ያህሉ በኤክስፖርቱ ገበያ እንደሆነ ምሁራኑ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሥራ ተገኘ፤ ከተገኘው ብዙው ግን ርካሽ ነበር። ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ የተደነገገው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ በ8.50 ዩሮ ነው። ያን ጊዜ ብዙ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ «በመቶ ሺዎች ሥራ ያጣሉ» ብሎ ጮኸ። አላጡም። በተለይ በምሥራቁ ክፍልና በሴቶች ዘንድ ደመወዝ ከፍ አለ።

የሚቆጣጠረውስ ማን ነው ብትሉ፣ ጉምሩክ ነው። ስሰማ አላመንኩም። እዚህ ኮምቦልቻ የጉምሩክ ሰው ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴነር ሲያስከፍት ነው የምናውቀው። እዚያ ግን ሕንፃ ግንባታ ላይ፣ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ቄራ ውስጥ ድንገት ገብቶ የሰዓት መዝገብ አምጡ ይላል። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ መጥቶብኝ ቢሆን እንቅልፍ አልተኛም ነበር። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ምሥራቅ ብያለሁና እሱን ሳልጨርስ። አገሩ በ1990 ከተዋሐደ 35 ዓመት አልፎታል፤ የምሥራቁ ደመወዝ ግን ዛሬም ከምዕራቡ ያነሰ ነው። የጡረታው ስሌት እንኳ እኩል የሆነው ገና በጁላይ 2023 ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ በሴትና በወንድ መካከል ያለው የክፍያ ልዩነት በምዕራቡ 17 በመቶ ሲሆን በምሥራቁ 5 ብቻ ነው። በቀድሞው የሶሻሊስት ሥርዓት የምሥራቅ ሴቶች ሙሉ ቀን ይሠሩ ነበር፤ መዋዕለ ሕፃናቱም ከዚያ ዘመን የወረሱት ነው። በሌላ በኩል የምሥራቁ ወንድም የሚያገኘው ያነሰ ስለሆነ እኩልነቱ ከታች ነው የተገናኘው። የእህቴ ልጅ ፍራንክፈርት ብትኖር የበለጠ ታገኝ ነበር፤ የልጁን መዋያ ግን ምናልባት እስካሁን ትጠብቅ ነበር። የቤት ኪራዩንም አትርሱ።

«ጀርመን በዓመት 400,000 ሰው ትፈልጋለች» ያላችሁትም ከአየር የመጣ አይደለም። በ2021 የፌዴራሉ የሥራ ኤጀንሲ ኃላፊ ዴትሌፍ ሼለ የተናገሩት ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ብዙ ሕዝብ ጡረታ እየወጣ ነው። ነገር ግን በኦገስት 2025 ሥራ አጡ ከአሥር ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ3 ሚሊዮን አልፏል። ፎልክስቫገን እስከ 2030 ድረስ ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታ ለመቀነስ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተስማምቷል። እንዴት ሰው እየጠፋ ሰው ይቀነሳል? የሚቀነሰው ጥሩ የሚከፍለው፣ ማኅበር ያለው፣ የፋብሪካ ሥራ ነው። የሚፈለገው ሽማግሌ የሚያጥብ፣ ሌሊት ዕቃ የሚያነሣ፣ ምግብ የሚያበስል ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ሥራ አጥ የመሆን ዕድሉም ከአገሬው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ይህ ሁሉ በአንዲት «ሰው ትፈልጋለች» በምትል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተኝቷል።

አሁን ስለ እንቅልፌ። በድሮው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነበር። እኔ በሠራሁበት ፋብሪካ ከ45 ቀኑ በፊት ውሉ ይቋረጥና ሠራተኛዋ ሦስት አራት ቀን ቤቷ ቆይታ እንደ አዲስ ትቀጠር ነበር። የዓመት ፈቃድ የለ፣ የወሊድ የለ፣ ዕድገት የለ። «ባለ 45» ብለን ነበር የምንጠራቸው። አራት ዓመት ባለ 45 የነበረች አውቃለሁ። በተመሳሳይ ማሽን፣ ጎን ለጎን፣ ቋሚዋ ከእሷ እጥፍ ትወስዳለች። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በቀጥተኛ መስመር፣ በንጹሕ ጽሕፈት፤ ጽሕፈቴ ይወደስ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተማችን ከጦርነቱ ስትወጣ የፋብሪካውን ግቢ ለማየት ገባሁ፤ መዛግብቱ ጭቃ ላይ ተበትነዋል። ከረገጥኩት ወረቀት ላይ የራሴን ጽሕፈት አየሁት፤ የሴቶች ስም ዝርዝር፣ ከጎኑ «ውሉ ተቋርጧል»፣ «ውሉ ተቋርጧል»፣ «ውሉ ተቋርጧል»። አንሥቼ አራግፌው ኪሴ ከተትኩት። እቤቴ አለ።

ስለዚህ የጀርመንን እርከን ስተነትን ከላይ ሆኜ አይደለም። በእኛ አገር ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ዛሬም የለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ዓመታት አልፈዋል። ያ ልጅ 13.90 ዩሮን እንደዚያ ያሰመረበት ለዚህ ነው፤ እዚህ የሚያሰምርበት ወለል የለውም። ደሴ ፒያሳ ላይ «ጀርመንኛ በአጭር ጊዜ» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር የሚመዘገበውን አልወቅስም።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስትጽፉ የሰዓቱን ክፍያ ብቻ አታትሙ። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በየትኛው እርከን፣ ምን ምን ተቀንሶ፣ የእኛው ሰው የትምህርት ማስረጃ የትኛው እርከን ላይ እንደሚያሳርፈው ጨምሩበት። 16.10፣ 17.35 እና 20.50ን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ አንባቢ ሞኝ አይደለም፣ ቀሪውን ራሱ ያሰላዋል። ኮሌጆቻችንም የትምህርት ሰዓት ዝርዝርን ገና በምረቃው ቀን ከዲግሪው ጋር አብረው ቢሰጡ ምን ይጎዳቸዋል? ይህንንም ብትጽፉት እወዳለሁ፤ ሐረጎን ለመውጣት ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።

የእህቴን ልጅ የደመወዝ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ስሟንና አድራሻዋን በጥቁር ቀለም ሸፍኛለሁ፤ ብታትሙት ፈቅዳለች። የዕውቀት ፈተናዋ በሚያዝያ ነው።

ልጁም ትናንት ማታ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ከገጹ ዳር ያለውን 26 ሰርዞ በ173 አስልቶታል። ተቀናሹን አንድ በአንድ አስጻፈኝና ሲጨርስ «ጋሼ፣ እኔ ስንተኛው ምድብ ልሆን ነው?» አለኝ። ላጤ ስለሆነ ምድብ 1 እንደሆነ ነገርኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የደመወዝ ሂሳብ ሠራተኛ
ኮምቦልቻ